ደመወዝ በስምምነት፤ ከማን ጋር?

ማስታወቂያው ሁሌም አንድ ነው። «ጀማሪ የሽያጭ ሠራተኛ፤ በማንኛውም የትምህርት መስክ በዲግሪ የተመረቀ/ች፤ የሥራ ልምድ 0 ዓመት፤ ደመወዝ በስምምነት።» ታላላቆቻችን አራት ኪሎ ቦርዱ ሥር አንጋጠው ያነበቡትን እኛ ቴሌግራም ላይ አቀርቅረን እናነበዋለን። የአንገት አቅጣጫ ተቀየረ እንጂ ማስታወቂያው ያው ነው።

የዛሬው ጠባችን ከዚያች «በስምምነት» ከምትባል ቃል ጋር ነው። ስምምነት ሁለት ወገን ይፈልጋል። እኛ በምናውቀው የሽያጭ ቃለ መጠይቅ ግን አንዱ ይወስናል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ የካሽ ሬጅስተር ማሽን፣ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የደህንነት ካሜራ ወይም የመኪና ጂፒኤስ የሚሸጡ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩን መጀመሪያ «ይህን እስክሪብቶ ሽጥልኝ» ትመጣለች። ትምጣ፤ በእስክሪብቶ አንጣላም። ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። «ሆቴል፣ ፋርማሲ፣ ሱፐርማርኬት ያለው ዘመድ አለህ? አንቺስ፣ አባትሽ ምንድን ነው የሚሠሩት?» አንዳንዱ ጋ ጭራሽ ወረቀት ይታደልና የምታውቋቸውን ነጋዴዎች ስም ከነስልካቸው ጻፉ እንባላለን። ገና ሳንቀጠር!

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። የተጠየቅነው የተማርነውን አይደለም። ሰው ማዳመጥ እንችል እንደሆነ፣ ስለ ማሽኑ ምን እንደምናውቅም አይደለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጥነው እኛ፣ የተፈለገው ግን አጎታችን ነው። አጎቱ ገጠር በሬ የሚጠምድ ልጅማ ጎበዝ ቢሆንም «እንደውልልሃለን» ተብሎ ይሸኛል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 139 ግብር ከፋዩ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ እንዲጠቀም ስላስገደደ፣ ነጋዴው ማሽኑን ከአንዱ መግዛቱ አይቀርም። ከማን እንደሚገዛ የሚወስነው ብዙ ጊዜ እምነት ነው። ያ እምነት ደግሞ የቤተሰባችን ጥሪት እንጂ የድርጅቱ ንብረት አይደለም። ማሽኑ ሲበላሽ አጎት የሚደውለው ለድርጅቱ ሳይሆን ለእህቱ ነው፤ «ልጅሽ ምን ጉድ ነው የሸጠልኝ?» ድርጅቱ ብሩን ቆጥሮ ጨርሷል። እኛ ለፋሲካ እዚያ ቤት መግባት አፍረናል። ዘመድ ሲያልቅ ደግሞ «ታርጌት አልመታህም» ተብለን እንሰናበታለን። በእኛ ቦታ ሌላ አጎት ያለው ልጅ ይገባል።

ስለ ደመወዝ ስንጠይቅስ? «የመጀመሪያው ሦስት ወር ሙከራ ነው፤ ኮሚሽን ብቻ።» የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ፣ ስምምነቱም በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በሕግ፣ በሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በቀር የሙከራ ሠራተኛ መብቱ እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው። ጠዋት 2፡30 ፈርሙ ስንባል ሠራተኞች ነን፤ ወሩ ሲያልቅ «እናንተ እኮ የራሳችሁ አለቃ ናችሁ» እንባላለን። አለቆች ከሆንን ያረፈድን ቀን ማን ነው የቀጣን?

«ሽያጭ ያለ ትውውቅ አይሆንም» ይሉናል። ልክ ነው። ኮሚሽንም ክፉ ነገር አይደለም፤ ከደመወዝ በላይ ሲጨመር ሻጭን ያተጋል። ግን ትውውቅ ሥልጠና ወስዶ፣ ዕቃውን አውቆ፣ መርካቶን በእግር ዞሮ የሚገነባ ነገር ነው። ይህን ወጪ ድርጅቱ መሸከም ሲገባው የእኛ ቤተሰብ እንዲሸከምለት ከፈለገ፣ ሠራተኛ ሳይሆን ነጻ የደንበኛ ዝርዝር ነው የፈለገው።

ስለዚህ ወገን፣ ቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ላይ እኛም እንጠይቅ። መነሻ ደመወዙ ስንት ነው? የሙከራው ውል በጽሑፍ ይሰጠናል? ዕቃው ሲበላሽ ማን ይጠግናል? የቤት ኪራይ አንቆ የያዘው ወንድማችን ይህን ጠይቆ ሥራውን የማጣት አቅም እንደሌለው እናውቃለን። ለዚህም ነው ትንሽ አቅም ያለን ቀድመን መጠየቅ ያለብን። አንድ ሰው ሲጠይቅ «ጥጋበኛ» ይባላል፤ አሥር ሰው ተከታትሎ ሲጠይቅ ግን መልስ ማዘጋጀት ግድ ይሆናል።

እስክሪብቶውን እንሸጥላችኋለን። አጎቶቻችን ግን ለሽያጭ አልቀረቡም።