ከእግራቸው በታች ያለው መሬት

ከጭቃ ትንንሽ የሰው ምስል እየሠሩ ቀለም መቀባት ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ዛሬ አሳቤን የምገልጸው ስለ ምስሎቹ ሳይሆን ስለሚቆሙበት መሬት ነው።

ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤታችን ትርኢት ሴባስቶፖል መድፍ ወደ መቅደላ ሲጎተት የሚያሳይ ሥራ አቅርቤ ነበር። የጎታቾቹን ፊትና ልብስ ለመቀባት አንድ ወር ፈጀብኝ። ያቆምኋቸው ግን አረንጓዴ በተቀባ ጣውላ ላይ ነበር። የተንታ ተወላጅ የሆኑ አንድ አባት ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች መድፉን የሚጎትቱት በኳስ ሜዳ ላይ ነውን?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አፈርሁ።

እውነታቸውን ነው። 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አቅጣጫ ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው ገደልና ሸለቆ እያቋረጠ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው። ገደሉ ከሌለ የጎታቾቹ ድካም፣ የዐፄ ቴዎድሮስም ጽናት በምን ይታወቃል?

ስለዚህ እኚያን አባት ስለ ዳገቱ ጠይቄ እንደገና ጀመርሁ። በዱቄት ሙጫ በነከርሁት ጋዜጣ ዳገቱን አቆምሁ። ከጦሳ ሥር ጥቁር ድንጋይ ለቀምሁ፤ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ስወርድም ከቦርከና ዳር አሸዋ አመጣሁ። አሸዋውን በወንፊት ነፋሁት፤ ጠጠሩ ከምስሉ ራስ ከበለጠ ቋጥኝ ይሆናልና። ሁሉን ጥቁር ቀባሁ፤ ሲደርቅም ቀለሙ በጨርቅ በተጠረገ ብሩሽ ግራጫ ቀለም በላዩ ሳስኬድበት ጫፍ ጫፉ ብቻ ነጣ፤ ድንጋዩም ድንጋይ መሰለ። ለሣሩ የአናጢ ሰጋቱራ ቢጫ ነክሬ በተንሁበት።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የሚታየው ፊት ነው፤ ለመሬቱ ማን ይጨነቃል?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣውን የተዘጋጀ ሣር እንግዛ ይላሉ። ሣሩ ያማረ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የሌላ አገር መስክ ነው። መድፉ የተጎተተው በበጋ ነው፤ በበጋ የአገራችን ሣር ቢጫ ነው።

የመቅደላ ቅርስ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተዘርፎ ተወሰደ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየማችን ተዘረፈ። ዕቃ ይወሰዳል፤ መሬቱ ግን አሁንም አለ። እኛ ልጆቹ ካላወቅነው ግን ሳይወሰድ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የሰውን ምስል ከማበጀታችሁ በፊት ሰውዬው የቆመበትን ቦታ ጠይቁ፤ ብትችሉም ወጥታችሁ እዩ። እኚያ አባት ዘንድሮ ሥራዬን ተመልክተው «እዚህ ላይ እንኳ ዳገቱ ከዚህ ይብሳል» አሉኝ። ከምስጋና ይልቅ ደስ አሰኘኝ፤ መቅደላ መሆኑን ዐውቀውታልና።