የካሜራ ምርጫ

ፎቶግራፍ ማንሣትን ሙያቸው ለማድረግ የሚሹ ብዙ ወጣቶች፣ ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ ካልያዙ ሥራቸው የማይሠምር ይመስላቸዋል። ይህ አስተሳሰብ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

ሴንሰር በቀድሞው ፊልም ቦታ ገብቶ ብርሃንን የሚቀበል የካሜራ ክፍል ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር ልኩ 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ለገበያ ከቀረበው ከላይካ ካሜራ የፊልም ልክ የተወረሰ ነው። ኤፒኤስ-ሲ የተባለው አነስተኛ ሴንሰር በስፋቱ የዚህን ግማሽ አያህልም።

ትልቁ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ፣ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ እንዳለው ባለ ደብዛዛ ብርሃን የጠራ ምስል ያስገኛል። በአንጻሩ በስሜን ተራሮች ገደል ላይ የቆመ ዋልያን ከሩቅ ለሚያነሣ ሰው ትንሹ ይመቸዋል፤ በትንሹ ላይ የተገጠመ የ300 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በትልቁ ላይ የ450 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያሳየውን ያህል እንስሳውን አጉልቶ ያሳያልና።

ከዚህም ሌላ የወጪው ጉዳይ አለ። ትልቁ ሴንሰር ያለው ካሜራም ሆነ ሌንሱ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ውድ፣ ክብደቱም ከባድ ነው። ገንዘቡን ሁሉ ለካሜራው አውጥቶ ደህና ሌንስ መግዣ ያጣ ሰው፣ ከትልቅነቱ የጠበቀውን ጥቅም አያገኝም። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» እንደሚባለው፣ መራጩ አስቀድሞ ሥራውንና አቅሙን ማመዛዘን አለበት። ዘወትር በደብዛዛ ብርሃን የሚሠራ ባለሙያ ትልቁን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ጀማሪ ግን ትንሹን ገዝቶ በተረፈው ገንዘብ ጥሩ ሌንስ ቢጨምርበት ይበጀዋል። ብርሃንን ማስተዋልና አመቺዋን ቅጽበት መጠበቅ በየትኛውም ካሜራ ሊለመድ የሚችል ሙያ ነውና።