የውዱኣችን ውኃ የት ይሄዳል?



ባለፈው ሴሚስተር ጀመዓችን ያዘጋጀውን የጽዳት ዘመቻ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እሑድ ከሱብሒ በኋላ ጓንትና አካፋ ይዘን ከግቢያችን ጀርባ ወዳለው ሰፈር ወረድን። አንዱን ቅያስ ከላይ እስከ ታች ጠረግን። ፌስታሉን፣ የውኃ ፕላስቲኩን፣ አሮጌ ጫማውን ሁሉ በማዳበሪያ ሰብስበን መኪና ያነሳዋል ብለን መንገድ ዳር ከመርነው፤ የተደፈነውንም ቦይ ከፈትን። ዙህር ሳይደርስ ጨርሰን ፎቶ ተነሳንና ተመለስን። ማታ የጀመዓው የቴሌግራም ገጽ በፎቶአችን ተሞላ። ደስ ብሎን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቂቶቻችን ረስተነው የመጣነውን አካፋ ልንወስድ ወደዚያው ቅያስ ሄድን። መኪናው አልመጣም፤ ማዳበሪያውን ውሻ ቀዶታል፤ ቦዩ ተመልሶ ተደፍኗል። አካፋውን ያስቀመጡልን እናት ከበራቸው ላይ ቆመው፣ “ተባረኩ ልጆቼ፣ ደክማችሁልናል። ግን ይህን ውኃ ማን ይከልክልልን?” አሉን። ከደጃቸው ፊት የቆመውን አረንጓዴ ውኃ እያሳዩን ነው። ከየት እንደሚመጣ ጠየቅናቸው። ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ “ከእናንተው መስጂድ ነው” አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሁላችንም ጁሙዓ የምንሰግድበት መስጂድ የውዱእ ውኃ በአንዲት ቱቦ ከአጥሩ ሥር ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቅያሱ ይለቀቃል። አንዳንዶቻችን ሦስት ዓመት፣ አንዳንዶቻችን አራት ዓመት እዚያ ውዱእ አድርገናል። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ የት እንደሆነ ግን አንድም ቀን አስበን አናውቅም። የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ የሚያውቁት ያንን ጫፍ ብቻ ነው፤ በተለይ ጁሙዓ ቀን።

መድረሳ የተቀመጥን ሁሉ የፊቅህን ትምህርት የጀመርነው ከጦሀራ ምዕራፍ ነው። ለውዱእ የዋለ ንጹሕ ውኃ ነጃሳ እንደማይሆን ብዙኃኑ ሊቃውንት ያስተማሩትን እናውቃለን። ነገር ግን ነጃሳ አይደለም ማለት ሰው አይጎዳም ማለት አይደለም። ሰው በሚተላለፍበት መንገድና በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት፣ ከመንገድ ላይ የሚያውክን ነገር ማንሳትንም ከኢማን ቅርንጫፎች የቆጠሩት ለዚህ ነው። ሌላውን መጉዳት እንደማይፈቀድ በፊቅህ ትልቅ መርሕ ነው፤ የጎረቤት ሐቅ ደግሞ ሙስሊም ለሆነው ጎረቤት ብቻ የተሰጠ አይደለም። እኛ ለሶላት እየነጻን የጎረቤታችንን ደጅ ረግረግ አድርገንበታል።

ስለዚህ አሳባችንን ከመጀመሪያው በግልጽ እንናገር። ጀመዓችን በዓመት አንድ ቀን የሚያደርገውን የጽዳት ዘመቻ ትቶ፣ አንድን ሰፈር መርጦ ደጋግሞ የሚሄድበት የመስክ ጉብኝት ቢጀምር ይሻላል እንላለን። መጥረግ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሳይጠይቁ መጥረግ ግን የቆሻሻውን ምክንያት እንዳለ ትቶ መምጣት ነው። ይህንንም የምንለው ከዚያ ቀን ወዲህ ወደዚያው ቅያስ እየተመላለስን ያየነውን ይዘን ነው።

መጀመሪያ የቆሻሻ ጋሪ የሚገፉትን ወጣቶች ጠየቅን። በማኅበር ተደራጅተው ከቤት ወደ ቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡ ናቸው። ለምን ወደዚህ ቅያስ እንደማይገቡ ስንጠይቃቸው ሳቁ። “በዚህ ጭቃ ጋሪ እንዴት ይገባል? እናንተ ሞክሩት!” አሉን። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠልን። ውኃው ቅያሱን ጭቃ ያደርገዋል፤ በጭቃው ምክንያት ጋሪው አይገባም፤ ጋሪው ስለማይገባ ሰው ፌስታሉን ቦይ ውስጥ ይጥላል፤ ቦዩ ሲደፈን ውኃው ይቆማል። ጓንት አድርገን የለቀምነው ቆሻሻ ሥሩ ከራሳችን ቧንቧ ነበር። ሰፈርተኛውን “ንጽሕና አያውቅም” ብለን ያማነው ሁሉ አዉፍ ይበለን።

ሁለተኛው ነገር የታወቀው በእህቶቻችን በኩል ነው። ወንዶቹ በር ላይ ቆመን አባወራውን ጠየቅን፤ “ሽንት ቤት አለን፣ ችግር የለም” አሉን፤ ጻፍንና አለፍን። እህቶቻችን ግን ወደ ውስጥ ተጋብዘው ቡና እየጠጡ የሰሙት ሌላ ነው። አራት ቤተሰብ የሚጋራው ሽንት ቤት በሩ ከውስጥ አይቆለፍም። እናቶችና ልጃገረዶች ቀን ቀን ራሳቸውን ይዘው እስኪመሽ ይጠብቃሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ጭለማውና ጭቃው ያስፈራቸዋል። እኛ ደብተራችን ላይ “አለ” ብለን የጻፍነው ሽንት ቤት ለቤቱ ግማሽ ሰው የለም ማለት ነበር። ለማጠፊያና ለመቀርቀሪያ የወጣው ገንዘብ ለዘመቻው ቲሸርት ካወጣነው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሦስተኛው በእኛ በምሕንድስና ተማሪዎች ላይ የደረሰ ነው። ውኃው ከሚወጣበት ቦታ ጥልቅ የማስረጊያ ጉድጓድ ቆፍረን በድንጋይ ብንሞላው ወደ መሬት ይሰርጋል ብለን ሥዕሉን ሠርተን ጨርሰን ነበር። በሰፈሩ ጉድጓድ እየቆፈሩ የሚተዳደሩ አንድ አባት ወረቀቱን አዩና፣ “ይህ እኮ መረሬ ነው ልጆቼ፤ ውኃ አይጠጣም” አሉን። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረን መግሪብ ሊደርስ ሲል ውኃ ሞላነው። በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ አብዛኛው ውኃ እዚያው ነበር። ጥቁር ሸክላማ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ያብጥና መስረጊያውን ይዘጋል። ይህን በአፈር ምሕንድስና ኮርስ ተምረናል፤ ተፈትነንም አልፈናል። በክፍል ያለፍነውን ፈተና በሜዳ ልንወድቀው ነበር፤ ያውም በሰደቃ ገንዘብ።

በዚህ ጉዳይ ከእኛ የቀደሙ አሉ። በፓኪስታን በካራቺ ከተማ ኦራንጊ የሚባለው ሰፊ መንደር ሕዝቡ በራሱ ቤት ሠርቶ የሰፈረበት፣ የመንግሥት የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ነበር። ዶክተር አኽታር ሐሚድ ኻን በ1980 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ሲገቡ ያለቀ ፕላን ይዘው አልገቡም። ለወራት በእግራቸው እየዞሩ ሰዉን ጠየቁ፣ አዳመጡ። ሕዝቡ የፍሳሽ ማስወገጃ አጥብቆ እንደሚፈልግ፣ የተለመደው የኮንትራክተር ዋጋ ግን ከአቅሙ በላይ እንደሆነ ተረዱ። ከባለሙያዎች ጋር ሆነው አሠራሩን አቀለሉት፣ ዋጋውንም አወረዱት። ከ20 እስከ 30 ቤት ያለው አንድ ቅያስ ተደራጅቶ ኃላፊውን መረጠ፤ ገንዘቡን አዋጥቶ ሥራውን ራሱ መራ። ሽንት ቤቱንና የቅያሱን ቱቦ ነዋሪው፣ ዋናውን መስመርና ማጣሪያውን መንግሥት እንዲሠራ ድርሻ ለዩ።

“ይህ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፣ እኛ ተማሪዎች ነን” ለሚሉን ወንድሞች መልሳችን ከዚህ ይገኛል። አዎ፣ የማዘጋጃ ቤት ድርሻ አለ፤ ዋናውን ቦይ እኛ አንሠራም። ከመስጂዱ አጥር እስከ ዋናው ቦይ ያለው ግን የማን ድርሻ ነው? “ጊዜ የለንም” ለሚሉም፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው የምንጠይቀው። ቆሻሻ ደግሞ ከዓይናችን ስለራቀ አይጠፋም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከተማው ሁሉ ከደጁ ያራቀው ቆሻሻ ሌሎች ሰዎች ደጅ ላይ ነበር የተከመረው። እኛም ማዳበሪያዎቹን መንገድ ዳር ከምረን ስንመጣ ያደረግነው ያንኑ ነው፤ በትንሹ።

ነገሩን ለመስጂዱ ኮሚቴ ስናቀርብ ቅር ያላቸው ነበሩ። “የመስጂድን ነውር ወደ ውጭ ታወጣላችሁ?” አሉን። በአደብ፣ “አባቶቻችን፣ ውኃው ከእኛ በፊት ወጥቷል” አልናቸው። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው አብረውን ወረዱ። ከቱቦው አጠገብ ዝም ብለው ቆዩና፣ “ይህን ሳናይ ነው ሃያ ዓመት የሰገድነው” አሉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተንቀሳቅሷል። በውኃ በተሞላ ቀጭን ቱቦ የመሬቱን ዝቅታ ለክተናል፤ ውኃውን እስከ ዋናው የድንጋይ ቦይ ለማድረስ ቁልቁለቱ ይበቃል። የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ እንዳልተቀላቀለበትም አረጋግጠናል። ኮሚቴው ሲሚንቶውን ሊችል ቃል ገብቷል፤ የቀበሌው ፈቃድ ግን ገና አልመጣም። ቅያሱ ዛሬም ጭቃ ነው።

እስከዚያው ከእኛ የሚጠበቅ አለ። ቧንቧ ሥር ባልዲ አስቀምጠን እንደ ልማዳችን ውዱእ አደረግን፤ የ10 ሊትሯ ባልዲ ከግማሽ በላይ ሞላች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውኃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል፤ ሙድ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ቧንቧውን ቀንሰን ብንከፍት ሱናም እንከተላለን፣ የእኒያ እናት ደጅም ያንኑ ያህል ይደርቃል። በረመዳን ከፊጥራ በኋላ የምንጥለውን ኩባያና ፌስታልም ከአሁኑ እናስብበት።

ለመጪው ሴሚስተር ለአሚሩና ለማኅበራዊ ዘርፉ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ሰፈር ይመረጥ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ያንኑ ሰፈር እንጎብኝ። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር እንሂድ፤ ሰፈሩን ቤት ለቤት የምታውቀው እርሷ ናት። እህቶች በራሳቸው ቡድን ይሂዱ፤ ያገኙትም በሹራ ላይ እኩል ይሰማ። በካሜራ ፈንታ ደብተር እንያዝ፤ የሰውን ሽንት ቤትና ጓዳ ፎቶ አንስቶ ማሰራጨት ሰትርን መግፈፍ ነው። ደብተሩንም ተመራቂዎች ለቀጣዩ ባች ያስረክቡ፤ እኛ ተመርቀን ስንሄድ ሰፈርተኛው እንደ አዲስ ከመጠየቅ ይዳን።

ለዘመቻው የወጣ ድካም ከአላህ ዘንድ አይጠፋም፤ እኛም ከዘመቻው ጋር ነበርን። አካፋውን ባንረሳው ኖሮ ግን ወደዚያ ቅያስ አንመለስም ነበር። ከዚህ በኋላ ለመመለስ አካፋ መርሳት አያስፈልገን። አላህ ሥራችንን በኢኽላስ ያድርግልን፤ የጎረቤቶቻችንንም ሐቅ የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።