በደል ሳይኖርበት ስለሚገሠጽ የስኳር በሽተኛ

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን በታዘዘለት መጠን ወስዶ፥ ምግቡንም በሰዓቱ በልቶ ተኝቶ ሳለ፥ በእኩለ ሌሊት ላብ አጥምቆት፥ እጁ እየተንቀጠቀጠና ቃሉ እየተዘበራረቀ ቢገኝ፥ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ፈርደው የሚጨርሱት ሐኪም ሳይመጣ ነው። አንዱ ሰክሯል ይላል፤ ሌላው ርኩስ መንፈስ አድሮበታል ይላል። ሐኪሙም በማግሥቱ ሲያየው ብዙ ጊዜ መድኃኒት አብዝተሃል፥ ወይም ራትህን ትተሃል ብሎ ይገሥጸዋል። እርግጥ ነው፥ የደም ስኳር ከልክ በታች የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ምግብና መድኃኒት ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም።

ኢንሱሊን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በ1921 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባንቲንግና ቤስት ከባልንጀሮቻቸው ጋር ካገኙት በኋላ፥ ከበሬና ከዐሣማ ቆሽት እየወጣ ለሰው ይሰጥ ነበር። የዐሣማው ኢንሱሊን ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው ከ51 የአሚኖ አሲድ ቅንጣቶች በአንዱ ብቻ ነው፤ የበሬው በሦስት ይለያል። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ሰውነት እንደ እንግዳ አይቈጥረውም የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። በኒው ዮርክ፥ በብሮንክስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የነበሩት ዶክተር ሰሎሞን በርሰንና ዶክተር ሮዛሊን ያሎው ግን ጨረር በሚሰጥ አዮዲን ምልክት ያደረጉበትን ኢንሱሊን ለበሽተኞች ሰጥተው ቢመረምሩ፥ ቀድሞ ኢንሱሊን በወሰዱት ሰዎች ደም ውስጥ መድኃኒቱ ቶሎ ሳይጠፋ ይቈይ ነበር። ፀረ እንግዳ አካል የተባለው የሰውነት ዘበኛ ይዞታልና። ጽሑፋቸው የቀረበላቸው አዘጋጆች ይህን አንቀበልም ስላሉ፥ ቃሉ ከርእሱ እንዲወጣ ተደርጎ በ1956 ታተመ። ዶክተር ያሎው በ1977 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበሉ ያንኑ የእምቢታ ደብዳቤ በንግግራቸው አቀረቡት፤ ማቅረባቸውም ተገቢ ነበር። ዶክተር በርሰን በ1972 ሞተው ስለ ነበር ክብሩን አላዩም።

ይህ ዘበኛ የያዘውን ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ አያጠፋውም፤ አስሮ ያቈየዋል እንጂ። በሽተኛው ከበላ በኋላ መድኃኒቱ ታስሮ ስለሚቀር ስኳሩ ከፍ ይላል፤ ይህንም ያየ ሐኪም መጠኑን ይጨምርለታል። ከብዙ ሰዓት በኋላ፥ ሆዱ ባዶ ሲሆን፥ የታሰረው ይፈታል፤ ስኳሩም በድንገት ይወርዳል። እንግዲህ ትእዛዙን የጠበቀው ሰው እንዳፈረሰ ይቈጠራል። ከ1982 ወዲህ በሰው ኢንሱሊን አምሳል የተሠራው መድኃኒት ስለ ወጣ ነገሩ እጅግ ቀሎአል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ዛሬም በብዙዎች ደም ቢገኝ አብዛኞቹን አይጎዳም። የሚጎዳቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂትነታቸውም አስረሳቸው እንጂ ሕመማቸውን አላሳነሰውም።

በጃፓን አገር ሂራታ የተባሉ ሐኪም ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1970 የገለጹት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኢንሱሊን ከቶ ተወግቶ የማያውቅ ሰው ለገዛ ቆሽቱ ኢንሱሊን ይህን ዘበኛ ያበጃል። ደሙ ሲመረመር ኢንሱሊኑ እጅግ በዝቶ ስለሚገኝ፥ በሽተኛው በስውር መርፌ ይወጋል ተብሎ ይጠረጠራል።

ስለዚህ ስኳሩ በማይታወቅ ምክንያት፥ ይልቁንም በሌሊት፥ እየደጋገመ የሚወርድበት በሽተኛ ሲቀርብ፥ ሐኪሙ ምግቡንና የመርፌውን መጠን፥ ኩላሊቱንም ከመረመረ በኋላ ስለ ፀረ እንግዳ አካሉ ሊያስብ ይገባዋል። የጤና ሹማምንትም ደሙ ወደሚመረመርበት ስፍራ የሚላክበትን መንገድ ቢያበጁ ድካሙ ትንሽ፥ የሚድነው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የቤት አስተዳዳሪ ነው። የንስሐ አባትም ኢንሱሊን የሚወስደው ልጁ ልጹም ሲለው ሐኪሙን ሳያስጠይቅ አይፍቀድለት፤ ለታመመ ሰው ጾም የሚቀልል መሆኑን ከካህናት ይልቅ የሚያውቅ የለምና። በሌሊት ላብ አጥምቆት የሚንቀጠቀጠውንም ሰው ጠበሉም ግሣጼውም በኋላ ይደርሱለታል፤ አስቀድሞ፥ መዋጥ የሚችል እንደ ሆነ፥ ስኳር ወይም ማር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፥ ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን በአፉ ምንም ሳይጨምሩ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።