ባንኩ የማያውቀው ወርኃዊ ክፍያ

አዲስ ፎርድ ማስታንግ ጂቲ የሚመኝ ወጣት በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሞልቷል። ባለ 5 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ 480 የፈረስ ጉልበት፤ ላልነዳው ሰው ተራ ቁጥር ነው፣ መሪውን አንዴ ለጨበጠ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ወላጆች ብዙ ጊዜ «ቶዮታ ምን ጎደለው?» ብለው ወሬውን ይዘጉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሆስፒታል ሌሊት ሲሠራ አድሮ፣ ቅዳሜና እሑድ ኡበር እየነዳ ገንዘብ የቋጠረ ልጅ ልቡ የወደደውን መኪና ቢመኝ ነውር የለበትም። ነገር ግን «አቅሙ አለኝ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በቅጡ መመለስ አለበት፤ ችግሩ ይህን ጥያቄ የምናቀርበው ብዙ ጊዜ ለሻጩና ለባንኩ መሆኑ ነው።

ሻጩ ቀድሞ የሚጠይቀው «በወር ስንት ቢሆን ይመችሃል?» ብሎ ነው። ቁጥር ከጠራችሁ በኋላ የመኪናው ዋጋ ከጨዋታው ይወጣል። የቀረው ሥራ ወርኃዊ ክፍያው እናንተ ያላችሁት ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዓመቱን መለጠጥ ነው። 50 ሺሕ ዶላር በ8 በመቶ ወለድ ብትበደሩ፣ በ4 ዓመት ለመጨረስ በወር 1,221 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ። በ7 ዓመት ከሆነ 779 ዶላር ነው። ሁለተኛው ቀለል ያለ ይመስላል፤ ወለዱ ግን ከ8,600 ወደ 15,500 ዶላር ገደማ ይወጣል። በዚያ ላይ ረጅም ብድር ያለበት አዲስ መኪና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ጊዜ ዕዳው ከዋጋው ይበልጣል። መኪናው ተጋጭቶ ከጥቅም ውጭ ቢሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋ ነው፤ ልዩነቱን የሚሸፍን ተጨማሪ ውል ከሌላችሁ፣ በሌለ መኪና ዕዳ መክፈላችሁን ትቀጥላላችሁ።

የእህቴ ልጅ ለመኪና ብድር ከባንኩ የመጣለትን መልስ በስልኩ እያሳየኝ «ጋሼ፣ አጸደቁልኝ እኮ!» አለኝ። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ወረቀቱን አብረን አየነው፤ ደመወዙ አለ፣ የቤት ኪራዩ አለ፣ የክሬዲት ካርዱ ዕዳ አለ። «ለእናትህ የምትልከው የቱ ጋ ነው?» አልኩት። ዝም አለ። የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ባንክ የሚያየው በማመልከቻውና በክሬዲት መዝገቡ ላይ የሰፈረውን ነው። በየወሩ መጀመሪያ ወደ ደሴ የሚላከው ገንዘብ፣ የታናሽ እህት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዕድሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ መዋጮ፣ የሠርጉና የለቅሶው ወጪ፣ አንድ ቀን በሌሊት ስልክ ሲደወል በማግስቱ የሚቆረጠው የአዲስ አበባ ትኬት እዚያ ውስጥ አይታዩም። እኛ ግን ከኪራይ በፊት የምንከፍላቸው እነዚህን ነው። ባንኩ «ይችላል» ያለው እናት የሌለውን፣ አገር የሌለውን ሰው ነው።

አሜሪካውያን 20፣ 4፣ 10 የሚሉት ደንብ አላቸው። ከዋጋው 20 በመቶውን ቅድሚያ ክፈል፣ ብድሩን በ4 ዓመት ጨርስ፣ የመኪናው ወጪ ሁሉ ከገቢህ 10 በመቶ አይለፍ ይላል። በዚህ ስሌት 50 ሺሕ ዶላር ለሚያወጣ መኪና፣ ኢንሹራንሱና ቤንዚኑ ሳይታሰብ እንኳ፣ በወር ወደ 10 ሺሕ ዶላር የሚጠጋ ገቢ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያለ ክርክር እቀበላቸዋለሁ። ሦስተኛው እንደ ሰዉ ነው፤ ሌላ ዕዳ የሌለበትና መኪናውን ከልቡ የሚወድ ሰው 15 በመቶ ቢያወጣ አልቆጣውም። አገር ቤት የሚላከው ከገቢው ላይ መቀነስ ያለበት ግን አስቀድሞ ነው።

ፈጣን መኪና ከሌላው የሚለየው ደግሞ ከተገዛ በኋላ ነው። ጎማውን ብቻ ተመልከቱ። ፐርፎርማንስ ፓክ የሚባለው ያለው ማስታንግ ጂቲ የፊት ጎማው ስፋት 255፣ የኋላው 275 ነው። ስፋታቸው ስለሚለያይ እኩል እንዲያልቁ የፊቱን ከኋላው ማቀያየር አይቻልም፤ ጉልበቱን የሚሸከሙት የኋላዎቹ ቶሎ ያልቃሉ። ጎማው የበጋ ከሆነ ብርዱ ሲመጣ ይደርቃል፣ መንገድ አይዝም፤ ስለዚህ ለክረምቱ ሌላ አራት ጎማ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ለመኪናው በየዓመቱ የንብረት ግብር ይከፍላል፤ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ግብሩም ይጨምራል። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ የሚኖረው ይህ ዓመታዊ ግብር የለበትም። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ልጅ ደግሞ ኢንሹራንሱ ከሁሉ በላይ ሊያስደነግጠው ይችላል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ፍጥነቱ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ከተፈቀደው በ20 ማይል ያለፈ ወይም ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው በግድየለሽነት በመንዳት ይከሰሳል፤ ይህም ተራ ቲኬት ሳይሆን እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ወንጀል ነው። 55 ማይል በተፈቀደበት የ395 መንገድ ላይ 75 መንዳት ለዚህ ይበቃል፤ ማስታንጉ ደግሞ እዚያ የሚደርሰው በጥቂት ሰከንድ ነው። ኡበር ነድቶ ለሚያድር፣ የዜግነት ማመልከቻ ላስገባ ሰው የጠበቃ ወጪውና የመዝገቡ መበላሸት ከመኪናው ዋጋ ጋር መታሰብ አለበት።

ታዲያ አቅም እንዳለ በምን ይታወቃል? የእኔ ምክር ዕቁብ ነው። ብድሩን፣ ኢንሹራንሱን፣ ቤንዚኑን፣ ግብሩንና ጎማውን ደምሩ። ለምሳሌ በወር 1,300 ዶላር ከመጣ፣ 10 ሰው ያለበት የ1,300 ዶላር ዕቁብ ግቡና ዕጣችሁ መጨረሻ ላይ እንዲሆን ዳኛውን ለምኑ። ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ ሲቸግር ይወጣል፤ ዕቁብ ግን በሚያውቋችሁ ሰዎች ፊት የሚጣል ስለሆነ ይሉኝታው ራሱ ያስከፍላችኋል። ለእናታችሁ የምትልኩትን ሳትቀንሱ፣ ክሬዲት ካርድ ሳትነኩ፣ ኦቨርታይም ሳትጨምሩ 10 ወር ከጣላችሁ አቅሙ አላችሁ። 13 ሺሕ ዶላርም በእጃችሁ ይገባል፤ ያንን ቅድሚያ ብትከፍሉ ብድሩ ወደ 37 ሺሕ ይወርዳል፣ የ4 ዓመቱ ክፍያም ከ1,221 ወደ 903 ዶላር ገደማ ይቀንሳል። መሐል ላይ ካቃታችሁ ደግሞ ክሬዲታችሁ ሳይነካ፣ መኪናችሁ በሌሊት ሳይጎተት መልሱን አግኝታችኋል።

የእህቴ ልጅ በዚህ ወር ዕቁቡን ጀምሯል። ባንኩ ያጸደቀለት ወረቀት ጊዜው ሊያልፍበት ነው፤ ይለፍበት። አቅም ያለው ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ይጸድቅለታል። እናንተም ለመፈረም ከማሰባችሁ በፊት የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉና በወር ስንት እንደሚያስከፍል በቁርጥ ጠይቁ፤ ከዚያ ለዕቁብ ዳኛችሁ ደውሉ።