ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ስለ አንደኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት ያለን አቋም



አንድን የአዲስ አበባ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ብትጠይቁት ሳያመነታ «በ100» ይላችኋል። ደብተሩ ላይ የጻፈው፣ በፈተናም ነጥብ የሚያገኝበት መልስ ይኸው ነው። ነገር ግን በዚሁ ልጅ እናት ማድ ቤት የፈላ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ቢገባ የሚያሳየው 92 ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቆረቆረች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ግፊቱ ሲያንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። ድሬዳዋ ላይ 96 አካባቢ ይደርሳል። 100 የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። (ስለ ባሕር በር ያለንን አቋም በሌላ ገጽ አስፍረናል።) ባቄላ ደጋ ላይ ከቆላው ይልቅ ብዙ ማገዶ የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እናቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል።

እንግዲህ ለክቶ «92» ብሎ የጻፈው ልጅ ዜሮ ያገኛል፣ ሳይለካ የሸመደደው ይሞገሳል። ከመካከላችን በሕግ ሙያ የኖርን ሰዎች ይህ ነገር እንግዳ ይሆንብናል። ፍርድ ቤት ምስክርን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ግን በሳይንስ ስም የሰሚ ሰሚ ምስክሮችን እያፈሩ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። በተግባር የታየው ግን «ተማሪ ተኮር» የሚል ስም ብቻ ነው። ዴስኮች ፊት ለፊት ዞሩ፣ ልጆች አንድ ለአምስት ተደራጁ፤ በቡድኑ ውስጥ ግን የሚለካም ሆነ የሚመረመር ነገር አልነበረም። ጉብዝና ያለው አንዱ ይጽፋል፣ አራቱ ይገለብጣሉ። በ2003 ዓ.ም. በጃይካ ድጋፍ የተጀመረውን የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ሥልጠና በበጎ እናነሳዋለን፤ ሆኖም ትኩረቱ 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ነበር። ልጅ «ለምን?» ማለት የሚጀምረውም የሚያቆመውም ከዚያ በፊት ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ፈተናው ከኩረጃ በመጠበቁ እውነቱ ወጣ ተባለ። እንስማማለን፤ ኩረጃ መዘጋቱን አንቃወምም። የእኛ ጥያቄ እነዚያ ልጆች አራተኛ ክፍል ሳሉ ምን ሲሠሩ ነበር የሚል ነው።

መምህሩን አንወቅስም። ስልሳና ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ፣ ደመወዙ ከቤት ኪራይ በማያልፍበት ሁኔታ፣ ምዕራፉን ካልጨረሰ የሚገመገም ሰው «እስቲ እንሞክረው» ለማለት ጊዜም አቅምም የለውም። ልጆችን ዝም ብሎ «ራሳችሁ ድረሱበት» ማለትም ማስተማር አይደለም። ጥያቄውን የሚመርጠው፣ ልኬቱን የሚያርመው፣ ስሕተቱን ወደ ትምህርት የሚመልሰው መምህሩ ነው፤ ለዚህም መሠልጠን አለበት።

ስለዚህ የምንጀምረው ከፈተናው ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናዎችን የሚያዘጋጁት ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች በመሆናቸው፣ በእነዚህ ምክር ቤቶች አብላጫ ድምፅ ብናገኝ አዲስ አበባን መጠበቅ አያስፈልገንም፤ አዲስ አበባም ራሷን ፌዴራል መንግሥቱን መጠበቅ አያስፈልጋትም። ተማሪው የልኬት ሠንጠረዥ ተሰጥቶት ምን እንደሚያሳይ የሚጽፍበት ጥያቄ በየፈተናው እንዲገባ እናደርጋለን። ፈተናው ሳይለወጥ መምህሩን «አስመርምር» ማለት ማላገጥ ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ የጉድኝት ማዕከል የመለኪያ መሣሪያ በጀት እንመድባለን፦ ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ ማጉያ መነጽር። መሣሪያው ጎብኚ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳይቀር የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረቱ በየወሩ ያያል። ሌላው ከሠፈር ይገኛል፦ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ የሚበቅል ባቄላ፣ ግቢ ውስጥ የተተከለ በትር። የበትሩ የቀትር ጥላ በጥር ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ወደ ደቡብ እንደሚወድቅ ልጆቹ ራሳቸው ምልክት እያደረጉ ያዩታል።

የክፍሉን ቁጥር ወደ ሃምሳ ማውረድ ግን በአንድ ዓመት የሚሆን አይደለም። ክፍል መገንባትና መምህር መቅጠር ይጠይቃል፤ በአምስት ዓመቱ የምክር ቤት ዘመን ውስጥ የምንጨርሰው ለመሆናችንም ከአሁኑ ቃል አንገባም። ወጪው ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚነሳ ዕጩዎቻችን ወደየቀበሌያችሁ ሲመጡ ጠይቋቸው፤ መልሱን ይዘው እንዲመጡ አዝዘናል።