ሱባኤያችንን መልሱልን

ለዕረፍት ሄዶ ደክሞ የሚመለስ ሰው ምን ይባላል? ይህን የምጠይቀው በ2014 ዓ.ም. ፍልሰታ ከእናቴ ጋር ከወልድያ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተጉዤ፣ ደክሜ ስለተመለስኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሳፈርን። ገና ሲሪንቃን ሳናልፍ የአውቶቡሱ ድምፅ ማጉያ ተከፈተ። መርሳ ስንደርስ የሀብሩ ማሳ ጉም ለብሶ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ግን ማን ልብ ይበለው! መዝሙር፣ ስብከት፣ ከዚያም ጨረታ። ውርጌሳን አለፍን፣ ውጫሌን አለፍን፤ ጨረታው አላለቀም። ገዳሙ ደርሰን የተሰጠን ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ፤ ሌላ የምንሳለማቸው ሁለት ቦታዎች አሉና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!

ለመሆኑ ሱባኤ ምንድን ነው? ቃሉ ራሱ ሰባት ማለት ነው፤ ከሰውና ከሁካታ ተለይቶ መሰንበት። አባ ኢየሱስ ሞዓ ደብረ ዳሞ ተምረው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሐይቅ የመጡት ለሽርሽር አልነበረም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ጌታም ቢሆን የደከሙትን ደቀ መዛሙርት ጥቂት እንዲያርፉ ገለል እንዳደረጋቸው ማርቆስ በምዕራፍ 6 ይተርካል።

«መዝሙሩ ወጣቱን ያስተምራል፤ ጨረታው ቤተ ክርስቲያን ያሠራል» የሚሉኝ አሉ። አልክድም። ግን ለትምህርቱ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለገንዘቡ ዐውደ ምሕረት አለ። ጸጥታ ግን ከወዴት ይምጣ?

በገዳሙ ሴት አይገባምና እናቴ ባሕሩ ዳር ቀረች። ስመለስ ከዛፍ ሥር ነጠላዋን ተከናንባ፣ ውኃውን እያየች አገኘኋት። «ልጄ፣ ዛሬ ገና ጆሮዬ አረፈ» አለችኝ። ያ ጆሮ ከጥቂት ወራት በፊት በገዛ ከተማዋ የመድፍ ድምፅ ሲሰማ የከረመ ነው። ከእኛ ሁሉ ሱባኤ የገባችው ደጅ የቀረችው እናቴ ነበረች!

ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን፣ ነሐሴ 18፣ ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። በአውቶቡስ ውስጥ በጩኸት የጨረስነው ጸጥታ ለካ የቀረን ስንቅ ኖሯል።

ስለዚህ ጉዞ አዘጋጆች ሆይ፣ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። ሦስት ቦታ በአንድ ቀን ከምታሯሩጡን አንድ ቦታ ሦስት ቀን አሰንብቱን። ጨረታውን ከተማ ጨርሱት። ማጉያውንም ዝጉት፤ እግዚአብሔር እንደሆነ በሹክሹክታም ይሰማል።